ገመዱን ማን ይፈታል? የጋማ ከብቶች በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ

ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ልጁን ነው። ቀጥሎ አሮጊት እናቱን ይቀሰቅሳል፤ እጁ ላይ የገባለትን ልብስና ሰነድ ይዞ ወደ ከፍታ ይሮጣል። አህያዋ ጓሮ ካለው ችካል ላይ እንደታሰረች ትቀራለች። ከክፋት አይደለም፤ ጊዜ የለም። ውኃው ከጉልበቷ አልፎ ደረቷ ላይ ሲደርስ ገመዱን መጎተት ትጀምራለች። በጎተተች ቁጥር ቋጠሮው ይጠብቃል፤ ገመዱ ከራሰ ወዲያ ደግሞ በጨለማ በጣት የሚፈታ አይሆንም። ብትለቀቅ ኖሮ ዋኝታ የመትረፍ ዕድል ነበራት፤ ፈረስም በቅሎም አህያም መዋኘት ይችላሉ። የገደላት ውኃው ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሜትር ገመድም ነው።

ስለ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ማዳን ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ጀልባ፣ ክሬንና ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም ነው። እነሱም ያስፈልጋሉ። የእንስሳው ዕጣ የሚቆረጠው ግን በአብዛኛው ከዚያ አስቀድሞ፣ ዜና በማይሆኑ ጥቃቅን ነገሮች ነው፤ በአስተሳሰሩ፣ በሰኮናው፣ በወሰደው ወይም ባልወሰደው ክትባት፣ መኪና ላይ መውጣት በመልመዱ ወይም ባለመልመዱ። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ነው።

ከገመዱ ልጀምር። ሸምቀቆ እንስሳው በተፍጨረጨረ ቁጥር ይበልጥ ያንቃል፤ ለማሰሪያነት ፈጽሞ መዋል የለበትም። ትክክለኛው ቋጠሮ የጫማ ክር የሚያስር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ገመዱ ችካሉን ዞሮ ሲመለስ ጫፉን ሙሉ በሙሉ አሳልፎ ከማጥበቅ ይልቅ አጥፎ እንደ ጆሮ ማስገባት፣ ከዚያ ነጻውን ጫፍ ማንጠልጠል ነው። ያ ጫፍ ሳብ ሲደረግ ሁሉም ተፈትቶ ይወድቃል። ሌላው ዘዴ ገመዱን በቀጥታ ከችካሉ ጋር ከማሰር ይልቅ በመካከል ቀጭን ሲባጎ ማግባት ነው፤ በአዘቦቱ ቀን እንስሳውን ይይዛል፣ በድንጋጤ ኃይል ሲጎተት ግን ይበጠሳል። አንድ ክንድ የማትሞላ ሲባጎ ናት፤ ግን ሌላው ሁሉ ሲከዳ የምትሠራው እሷ ናት።

ጋሪ ላይ የተጠመደ እንስሳ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ጋሪው በውኃ ሲንሳፈፍና ሲገለበጥ እንስሳውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ባለጋሪ የሆነ ሰው የውኃውን ጥልቀት ሳያውቅ ወደ ጎርፍ መንገድ መግባት የለበትም። ዝናቡ ካየለ ደግሞ እንስሳውን ከጋሪው ፈትቶ በእጅ መምራት ይሻላል። ጋሪ በሌላ ጊዜ ይገኛል።

እነዚህ እንስሳት በአደጋ ጊዜ ለምን ልዩ ትኩረት ይሻሉ? የሌላው ከብት ሥራ በአደጋ ጊዜ ይቀንሳል ወይም ይቆማል፤ የእነሱ ግን ያን ጊዜ ይበዛል። መንገድ ሲዘጋ፣ ድልድይ ሲፈርስ፣ ነዳጅ ሲጠፋ የሚቀረው አራት እግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓል መጠኑ 7.8 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መኪና በማይገባባቸው ተራሮች እርዳታ ያደረሰው በሰው ተሸካሚዎችና በበቅሎዎች ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2023 የሞሮኮን የአትላስ ተራሮች የመታው 6.8 የሆነ መንቀጥቀጥ መንገዶችን በናዳ ሲዘጋ፣ ወደ ተራራ መንደሮች ብርድ ልብስና ምግብ ይዘው የወጡት አህዮችና በቅሎዎች ናቸው። በዓለም ላይ ለሥራ የሚውሉት የጋማ ከብቶች ቁጥር ከ100 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ በዘርፉ የሚሠሩ ድርጅቶች ይገምታሉ። ለባለቤቶቻቸው አምቡላንስም፣ የውኃ ቦቴም፣ የዕለት ገቢም እነሱው ናቸው። ላም የሞተችበት ገበሬ ሀብት አጣ እንላለን፤ የጋሪ ፈረስ የሞተበት ሰው ደግሞ የነገውን ደመወዝ አጣ። ካሣ ሲታሰብ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም።

በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። የአደጋ ዕቅድ የሚያወጡ ቢሮዎችም ስለ እነዚህ እንስሳት ሲጠየቁ መልሳቸው ከዚህ የራቀ አይደለም። የቤት እንስሳ የሚለው መዝገብ ውሻና ድመትን ይይዛል። የእርባታ እንስሳ የሚለው መዝገብ ሥጋና ወተት ይቆጥራል። የሚሠራው ፈረስ ከሁለቱም ይወድቃል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲደርስ ብዙ ሰዎች እንስሶቻቸውን ጥለው አንወጣም በማለታቸው ሕይወታቸው አደጋ ላይ ወደቀ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የመልቀቂያ ዕቅድ ሲያወጡ ለቤት እንስሳት ቦታ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ሕጉን የሚያስፈጽመው የፌዴራል የአደጋ አስተዳደር ኤጀንሲ ግን «የቤት እንስሳ» የሚለውን ሲተረጉም ፈረስን ከእርባታ እንስሳት ጋር መድቦ አስወጣው።

የእርባታው ወገንም እንዲሁ ሙሉ መልስ የለውም። በአደጋ ጊዜ ለእንስሳት ስለሚሰጥ እርዳታ የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውና ሦስተኛ እትሙ በ2023 የታተመው፣ በድርቅ ጊዜ ከሚያነሣቸው መንገዶች አንዱ ከብቱ ሳይከሳ መሸጥ ወይም አርዶ ሥጋውን ማከፋፈል ነው። ለበሬና ለፍየል ብልህ አካሄድ ነው። የአህያና የፈረስ ሥጋ በማይበላበት አገር ሁሉ ግን ይህ በር ዝግ ነው። መመሪያው የመኖ፣ የውኃ፣ የሕክምናና የመጠለያ ክፍሎችም አሉት፤ የጋማ ከብት ባለቤት ተስፋ የሚያደርገው በእነዚያ ነው። ስለዚህ ለቢሮዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ የአደጋ ዕቅዳችሁ ውስጥ «ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ» የሚሉት ሦስት ቃላት በስማቸው ተጽፈዋል ወይ? በስም ያልተጻፈ በበጀትም አይገባም።

አሁን ወደ እንስሳቱ አካል እንምጣ፤ እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ብዙ ነው። ትልቁ ስሕተት አህያን እንደ ትንሽ ፈረስ መቁጠር ነው።

ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል። አህያ ሲደነግጥ በአብዛኛው ይቆማል። አህያ የመጣው ከደረቅና ምግቡ ከተበታተነ ምድር ነው፤ በዚያ አገር አይቶና መዝኖ መንቀሳቀስ ያዋጣ ነበር። እኛ ይህን «ግትርነት» ብለን ሰየምነውና በዱላ እናርመው ጀመር። ጎርፍ እየመጣ የቆመን አህያ መደብደብ ፍርሃቱን ይጨምራል፤ ፍርሃቱ ሲጨምር ይበልጥ ይቆማል። ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። የሚሻለው የሚያውቀውን ጓደኛ ከፊት ማስኬድ ነው፤ አህያ አህያን ይከተላል። በቅሎዎች ባዝራን ሲከተሉ የታወቀ ነው፣ ፈረሶችም ቀዳሚያቸውን። ስለዚህ መንጋ የሚያወጣ ሰው በመጀመሪያ መምረጥ ያለበት ከእነሱ መካከል ማን መሪ እንደሆነ ነው፤ እሱ ከተንቀሳቀሰ ሌሎቹ ይከተላሉ።

አህዮች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጣመሩ እንስሳት ናቸው። በግርግር መካከል አንዱን ወደ አንድ መጠለያ፣ ሌላውን ወደ ሌላ ብንልክ የምናየው ናፍቆት ብቻ አይሆንም። አህያ በኀዘን፣ በድንጋጤ ወይም በሕመም ምክንያት መብላት ሲያቆም ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ በብዛት ወደ ደም ይለቃል። ጉበቱ ያን ሁሉ ማስተናገድ አይችልም። ከእንዲህ ያለ አህያ የተቀዳ ደም በብልቃጥ ተቀምጦ ሲጠል፣ ላይ የሚንሳፈፈው ጥርት ያለ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወተት የነጣ ይሆናል። ከዚያ ጉበትና ኩላሊት ይደክማሉ፤ ሞትም ይከተላል። ይበልጥ የሚያሰጋቸው ወፍራሞቹን፣ እርጉዞቹንና የሚያጠቡትን ነው። ጎርፉ ቁስል ሳያደርስባት ያለፈች አህያ በአምስተኛው ቀን መጠለያ ውስጥ ልትሞት የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱ ጸጥታ ነው፤ ጆሮዋን ጥላ ትቆማለች፣ መኖው ላይ አፍንጫዋን ታደርጋለች፣ አትበላም። አህያ ሕመሟን ስለምትደብቅ ይህን «ተረጋጋች» ብሎ የሚተረጉም ሰው ብዙ ነው። መጠለያ የሚመራ ሰው አንድ ሕግ ብቻ መያዝ ቢችል ይህ ይሁን፤ ጥንዶችን አትለያዩ፣ ሳትበላ የዋለች አህያን እንደ ድንገተኛ ሕመምተኛ ቁጠሩ።

ውኃን በተመለከተ አህያ ከፈረስ ያነሰ ይጠጣል፤ ግን ይበልጥ መራጭ ነው። የሸተተ ወይም ጣዕሙ የተለወጠ ውኃ ሲሰጡት ጠምቶትም ቢሆን ሊተው ይችላል። ሌላው የሚረሳው የመጠኑ ነገር ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በትንሹ በቀን 15 ሊትር ውኃ እንዲደርስ የሰብዓዊ እርዳታ መለኪያዎች ያዛሉ። አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ በሙቀት ሲሠራ ደግሞ ከዚያም በላይ። ለሁለት መቶ ቤተሰብ ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ ከእነሱ ጋር የመጡትን ስልሳ እንስሳት ካልቆጠረ፣ ባለቤቱ ከራሱና ከልጆቹ ድርሻ እየቀነሰ ያጠጣል። አይቀርም፤ ያጠጣል።

ጎርፉ ከወረደ በኋላ ያለው ጊዜ የሰኮናና የቁስል ጊዜ ነው። ለቀናት በጭቃ ውስጥ የቆመ ሰኮና ይለሰልሳል፣ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ሽታው ራሱ ይናገራል። የቁርጭምጭሚቱ ቆዳ ይሰነጠቃል። የአህያ ፀጉር እንደ ፈረስ ፀጉር ዝናብ ስለማያፈስስ፣ ሲርስ ቶሎ ይበርደዋል። ደረቅ መሬት ከጠፋ ትንሽ ጉብታ ሠርቶ በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ማቆም፣ ሰኮናውን በእንጨት ጠርጎ ማድረቅ ብዙ ያድናል። ፍርስራሹ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ አለ። ፈረስ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በቀላሉ ከሚይዛቸው እንስሳት ግንባር ቀደሙ ነው፤ ተሕዋሱ የሚኖረው በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ነውና። በበሽታው የተያዘ ፈረስ እንደ እንጨት ደርቆ እግሮቹን አንፈራጥጦ ይቆማል፣ ጅራቱ ይነሣል፣ መንጋጋው ይዘጋል። ክትባቱ ውጤታማ ነው፤ ግን በመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ስለሆነ በአደጋው ማግሥት ቢሰጥ በጊዜ አይደርስም። ያልተከተበ እንስሳ ከቆሰለ ሐኪም ወዲያው የሚሰጠው ሌላ መድኃኒት አለ፤ ጥበቃው ግን አጭር ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከጭቃ ውስጥ እንስሳ ማውጣትም ጥበብ አለው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንገቱን በገመድ አስሮ በሃያ ሰው መጎተት ነው። አንገት ይሰበራል፣ እግር ከመገጣጠሚያው ይወልቃል፤ ከጭቃው የወጣው ሬሳ ይሆናል። የሚጎተተው የአካሉ ግንድ ነው። ሰፊ ቀበቶ፣ ከጠፋም ጠፍጣፋ የእሳት አደጋ ቱቦ፣ ከፊት እግሮች ኋላ በደረቱ ሥር ያልፋል፤ ጉልበቱ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። ከመጎተት በፊት ግን በእግሮቹ ዙሪያ መቆፈርና ውኃ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ጭቃው የሚይዘው በመምጠጥ ስለሆነ ውኃና አየር ካልገባበት አይለቅም። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ይይዛል። ማንም ሰው በእግሮቹ አቅጣጫ አይቆምም፤ በድካም የተኛ የሚመስል ፈረስ አንድ ጊዜ ቢወራጭ ሰው ይገድላል። ከወጣ በኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ማድረቅ፣ መሸፈን፣ ለጥቂት ጊዜ አለማስነሣት ነው።

ሰደድ እሳት ሌላ ባሕርይ አለው። ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ ጭሱ ሁሉ በአፍንጫው ነው የሚገባው። እሳቱ ሳይነካው የተረፈ ፈረስ ሳንባው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከከባድ ሥራ እንዲያርፍ ይመክራሉ። የናይሎን ማሰሪያ በሙቀት ቀልጦ ፊቱ ላይ ስለሚጣበቅ የቆዳ ወይም የጥጥ ይሻላል። አስገራሚው ነገር ፈረስ ከሚነድ ጋጣ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሊገባ መቻሉ ነው፤ ጋጣው ለእሱ ደኅንነት ነውና። እንስሳውን አውጥቶ በሩን ከኋላው መዝጋት ይገባል። ጎርፍ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሁሉም በር ይከፈታል።

ስለ እሳተ ገሞራ አጭሩን ልናገር። አመዱ ሣሩን ይሸፍናል፣ ጥርስ ይሞርዳል፣ አንዳንዴም መርዛማ ፍሎራይድ ይይዛል፤ መኖውን መሸፈንና ውኃውን መክደን ዋናው ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ደግሞ የሚገድለው አሮጌ ጋጣ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ የሚመጡ ተከታታይ ንዝረቶች ስላሉ እንስሳት ለተወሰኑ ቀናት ሜዳ ላይ ቢያድሩ ይሻላል።

ድርቅ ዝግተኛ ነው፤ ለዚህም ነው የሚያታልለው። ውኃ ሲርቅ አህያዋ የምትሄደው መንገድ ይረዝማል፣ የምትበላው ያንሳል፣ ሥራዋ ግን ይበዛል። በዚህ መካከል እርዳታ ሲደርስ ሰው በደግነት የሚፈጽመው ገዳይ ስሕተት አለ፤ አጥንቷ የወጣን እንስሳ እህል ማጥገብ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ሲገባበት ስኳሩን ለመጠቀም ከደም ውስጥ ፎስፌትና ማግኒዥየም ያሟጥጣል፤ ልብና መተንፈሻ ይከዳሉ። ይህ የሚሆነው መብላት ከጀመረች ከ3 እስከ 5 ቀን ገደማ፣ ሁሉም «ዳነች» ባለበት ሰዓት ነው። የሚሰጠው ጥሩ ድርቆሽ ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየ4 ሰዓቱ፣ እያደር እየጨመሩ። እህል ይቆያል። የጋማ ከብት ማስታወክ እንደማይችልም መታወስ አለበት፤ አንዴ የዋጠው ሆዱን ቢነፋው ወይም ቢቆርጠው መመለሻ የለውም። በጎርፍ የራሰና የሻገተ መኖም ለዚሁ ሲባል ቢያሳዝንም ይጣላል።

በረጋው ቀን የሚሠራው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። እንስሳውን ጥልቀት በሌለው ውኃ ማሻገር፣ የሚንኳኳ ሳንቃ ላይ ማራመድ፣ ቆሞ ባለ መኪና ላይ ድርቆሽ አስቀምጦ ማውጣትና ማውረድ። በአደጋው ቀን መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ በቅሎ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ግማሽ ሰዓት ማንም አይኖረውም። ፎቶግራፍ ማንሣትም ይረዳል፤ ግራጫ አህያ ከግራጫ አህያ በምን ይለያል? ባለቤቱ ከአጠገቡ ቆሞ፣ ጠባሳው እየታየ የተነሣ ፎቶ ሩቅ ያለ ዘመድ ስልክ ላይ ቢቀመጥ በኋላ ክርክር ያስቀራል። ለማምለጥ ሰዓታት ብቻ ከቀሩ የስልክ ቁጥርን ጎኑ ላይ በቀለም መጻፍ ወይም ፀጉሩን በቁጥሩ ቅርጽ መላጨት ይቻላል። ጥሎ መሄድ ግድ ከሆነ ኮርቻው፣ ልጓሙና የአንገት ማሰሪያው ይወልቃል፤ በቅርንጫፍ ተይዞ እንዳይቀር።

የወለቀውን ዕቃ ይዞ መሄድ ከተቻለ ግን ይያዝ። እርዳታ የሚያከፋፍሉ መኖ ያመጣሉ፤ ኮርቻና የጋሪ ዕቃ የሚያመጣ እምብዛም አይገኝም። ዕቃው የጠፋበት ባለጋሪ በሦስተኛው ቀን በሽቦ፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በናይሎን ገመድ ምትክ ሠርቶ ወደ ሥራ ይገባል፤ አይፈረድበትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን የእንስሳው ጀርባ ይላጣል፣ ከዚያ ሁለቱም ሥራ ፈት ይሆናሉ።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥራ የሚውሉ የጋማ ከብቶችን ደኅንነት የሚመለከት ምዕራፍ በመመሪያው ውስጥ አጽድቋል። በጥቅሉ በቀን ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፉ ይላል። ከአደጋ ማግሥት ፍርስራሽ የምታመላልስ አህያ ይህን ዕረፍት ታገኛለች ብዬ ራሴን አላታልልም። የሚቻለው ግን አለ። የእርዳታ እህል በሚታደልበት ቦታ የጋሪዎቹን ሰልፍ ተመልከቱ፤ ባለቤቶቹ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል፣ እንስሳቱ ፀሐይ ላይ እንደተጠመዱ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆማሉ፣ አንዳንዶቹ ጭነቱም አልወረደላቸውም። አዳዩ ድርጅት ከሰልፉ ጎን ዳስ ቢጥል፣ አንድ በርሜል ውኃና አንድ ገንዳ ቢያኖር፣ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ጭነቱን እንዲያወርድ የሚያስታውስ አንድ ሰው ቢመድብ፣ ከስድስቱ ሰዓት ሁለቱ እዚያው ይድናል።